በገናዬን ጩኸት ያለው ሶፍትዌር

ስልኬ «ጩኸት በዝቷል፤ እባክዎ ጸጥታ ወዳለበት ቦታ ይሂዱ» ሲለኝ መጀመሪያ ላይ አምኜው ነበር። ቤታችን ባሕር ማዶ፣ የሐበሻ ሱቅ ከሞላበት ከፌርፋክስ ጎዳና አንድ ጥግ ገባ ብሎ ነው። ከመስኮታችን ሥር አውቶቡስ እያቃሰተ ይቆማል፤ የፊት ለፊቱ አፓርታማ አትክልተኛ ደግሞ ቅጠል የሚጠርገው በሚያገሳ ማሽን ነው። ጥፋቱ የሰፈሩ መስሎኝ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ፍሪጁን ነቀልኩ፣ እናቴን ቴሌቪዥኑን እንድታጠፋ ለመንኳት። ከዚያ በገናዬን ጉልበቶቼ መሃል አቁሜ አንዱን አውታር ነካሁ። «ጩኸት በዝቷል» አለኝ። እጄን አነሳሁ። «በጣም ጥሩ! አሁን መጀመር ይችላሉ» አለኝ። እንደገና ነካሁ። «ጩኸት በዝቷል።»

ጩኸቱ በገናው ነበር።

በገና ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የበገና ድምፅ ጥርት ብሎ የሚወጣ ድምፅ አይደለም። አውታሩ በሚሸከመው እንጨት፣ በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዝራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲመታ እሷን እየነካካ ነው ያ ደረት ውስጥ ገብቶ የሚቀመጠው ንዝረት የሚመጣው። እንዝራ የሌለው በገና እንጨትና ጅማት ብቻ ነው። ይህን አገር ምድሩ ያውቃል። ሶፍትዌሩ ግን አያውቅም፤ የአትክልተኛው ማሽንና የዳዊት በገና ለእሱ አንድ ናቸው።

እዚህ ሁሉ ጣጣ ውስጥ የገባሁት በእናቴ ምክንያት ነው። እናቴ ጆሮዋ እየከዳት ነው። የጆሮ ሐኪሟ ባለፈው ዓመት የመስሚያ ማሽን አደረገችላትና ወደ እኔ ዞራ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ፤ ማሽኑ ለጊዜው ይረዳታል፣ እያደር ግን ቃልን ከቃል መለየት እያቃታት ይሄዳል፣ መስማት የምትወደው ነገር ካለ ዛሬ ነገ አትበሉ።

«ምን አለች?» አለችኝ እናቴ።

«ደህና ነሽ አለች።»

«ደህና ነሽ ለማለት ይህን ያህል ታወራለች?»

በዚያው ዓመት ዐቢይ ጾም እናቴ ስልኬን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ የሌላ ሰው በገና ስትሰማ አገኘኋት። ቀና ብላ አየችኝና «ይህ ሁሉ የሌላ ሰው ልጅ ነው። አንድ ቀን የራሴን ልጅ ብሰማ ምን ነበረበት?» አለች። ሌላ እናት ሠርግ ትጠይቃለች። የእኔም ስትጠይቅ ኖራ ተስፋ ስትቆርጥ ወደ በገና የወረደች ይመስለኛል። እኔም ሠርጉ ቢያቅተኝ ይህ አያቅተኝም ብዬ፣ በሚቀጥለው ጾም ጆሮዋ ሳይዘጋ ትሰማኛለሽ አልኳት። ቃል መግባት ቀላል ነው።

በገናውን አንድ የዘመድ ዘመድ ከአዲስ አበባ በጋቢ ጠቅልሎ አመጣልኝ። መምህርም እዚያው አዲስ አበባ ተገኙልኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ለእኔ ጠዋት ለእሳቸው ማታ ሲሆን በቪዲዮ እንገናኛለን። የመጀመሪያው ቀን እሳቸው ያሳዩኝን አስመስዬ አውታሮቹን ነካካሁ፣ ትንሽም አዜምኩ። መምህሩ ወደ ስልካቸው ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ድምፅሽ ይመጣል። በገናሽ ግን የት ሄደ?»

«እየደረደርኩ ነው፣ መምህር።»

«ጣትሽ ሲሄድ አያለሁ። ድምፁ ግን የለም።»

ኋላ እንደገባኝ፣ ለካ የቪዲዮው ፕሮግራምም ንዝረቱን ጩኸት ነው ብሎ እየዋጠው ኖሯል። ያልነካካሁት ቁልፍ የለም። አንዱን ሳጠፋ የእኔም ድምፅ አብሮ ይጠፋል፣ ሌላውን ሳበራ ኔትወርኩ ይቆረጣል። በመጨረሻ መምህሩ «ግድ የለም፣ ጣትሽን እያየሁ አስተምርሻለሁ» አሉኝ። እሳቸው በትዕግሥት፣ እኔ በንዴት ቀጠልን። እሱም ቢሆን እሳቸው ዘንድ መብራት ካልሄደ ነው።

እዚህ ላይ ነው ባልንጀራዬ የገባችበት። ፌርፋክስ ላይ ሱቅ አላት፤ ቅመምም ነጠላም የስልክ ካርድም የምትሸጥ፣ ምክር ግን በነጻ የምትሰጥ ሴት ናት።

«ምን ያስለፋሻል?» አለችኝ። «አፑን ዳውንሎድ አድርጊው። ልጄ ፒያኖውን ኢምፕሩቭ ያደረገው በሱ ነው። አንቺ ፕራክቲስ ስታደርጊ ይሰማሻል፣ ከዚያ ስኮር ይሰጥሻል። ሶ፣ መምህሩ ባይኖሩም እሱ አለ።»

አወረድኩት። የየትኛው መሣሪያ ተጫዋች እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ስማቸውን ሰምቼው የማላውቅ መሣሪያዎች ተደርድረዋል። በገና የለም። ክራርም የለም። «ሌላ» የሚል እንኳ የለም። ወፈር ያለ ድምፅ ያለው ባስ ጊታር ነው ብዬ እሱን ነካሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ «ሰላም ባሲስት! ዛሬ ቤቱን እናናውጠው!» ይለኛል። እኔ የማጠናው ደግሞ መምህሩ የሰጡኝን፣ ቀን እንደሚያልፍና ሰው እንደማይቀር የሚናገር ግጥም ነው። ቤት የሚያናውጥ ነገር አልነበረበትም።

ጩኸቱ በገናው መሆኑ ሳይገባኝ፣ ሰፈሩ ነው የሚጮኸው ብዬ ባመንኩባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት በገናዬን ይዤ ሥራ ሄድኩ። የምሠራው ሚራክል ማይል በሚባል ሰፈር አንድ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ነው፤ ሐኪሙ ጥርስ ሲቦረቡር በሽተኛው አፍ ውስጥ ምራቅ የሚመጥጠውን ቱቦ የምይዘው እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የመሰርሰሪያ ንዝረት እየሰማሁ እውላለሁ። በምሳ ሰዓት ከሕንጻው ሥር ወዳለው ፓርኪንግ እወርድና የመኪናዬ የኋላ ወንበር ላይ እጎብጣለሁ፤ የበገናው ቀንበር ጣራውን እየገፋ፣ ምሰሶው ጉንጬን እየወጋ። ከመሬት በታች ነው፤ ሰው የለ፣ ወፍ የለ። «ጩኸት በዝቷል።»

አንድ ቀን የፓርኪንጉ ጠባቂ መስኮቴን አንኳኳ። ያገራችን ሰው ነው።

«እህቴ፣ ደህና ነሽ? ካሜራው ላይ ሳይሽ የምታለቅሺ መስሎኝ ነው።»

«ፕራክቲስ እያደረግኩ ነው።»

በገናውን አየና ኮፍያውን አወለቀ። «ኦኬ። እዚህ ፓርክ አድርጎ መዝፈን ክልክል ነው እንዳልልሽ፣ ይሄ መዝሙር ነው» አለና ሄደ። በእርግጥም ላለቅስ ጥቂት ነበር የቀረኝ።

ለሶፍትዌሩ ሰዎች ጻፍኩላቸው። በገና ምን እንደሆነ፣ ንዝረቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ያለሱ በገና በገና እንዳልሆነ፣ በምችለው እንግሊዝኛ አብራራሁ። በማግስቱ መልስ መጣ። ስለጻፍኩላቸው አመስግነው፣ የአውታር መንዘር ብዙ ጀማሪዎችን የሚያስቸግር የታወቀ ጉድለት መሆኑን፣ ተስፋ እንዳልቆርጥ፣ አውታሩን የሚነካው ነገር ካለም እንዳስወግደው መከሩኝ። ለቀባሪው አረዱት! ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወርኩት። እናቴ የወረወርኩትን አይታ እንጂ ሰምታ አልነበረም የዞረችው፤ ይህን ሳይ የቀረችኝ ጊዜ ትዝ አለችኝ። ጾሙ እየቀረበ ነው፣ መምህሩን መብራት ይነጥቀኛል፣ ይህ የማይረባ ደግሞ ቢያንስ ሁልጊዜ አለ።

ተናድጄ ስጨርስ የመከሩኝን አደረግኩ። ከሥራ ቦታ ባመጣሁት መቆንጠጫ እንዝራዎቹን አንድ በአንድ ነቀልኩና ባዶ የቅባት ዕቃ ውስጥ ከተትኳቸው። ከዚያ አውታሩን ነካሁ። ደርቆ፣ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ስልኬ አረንጓዴ በራ። «አስደናቂ!» አለኝ።

ደስ አለኝ። ሰው በዚህ ዕድሜው ኮከብ ሲሰጡት እንዲህ ይፈነጥዛል ብዬ አላስብም ነበር። በየቀኑ ማታ ራት በልተን ስንጨርስ ስልኩን ፊቴ ላይ አቁሜ እለማመዳለሁ። እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ነገር አስተምሮኛል። ጣቶቼ መሮጥ አቆሙ፤ ድምፄም ከአውታሩ ጋር እኩል መግጠም ጀመረ፤ ስሳሳት ቀይ መስመር ያሳየኛል፣ ሳስተካክል አረንጓዴ። መምህሩም ቅዳሜ በቪዲዮ አይተውኝ «ጣትሽማ ተቃንቷል!» አሉኝ። ድሮም ንዝረቱ አይደርሳቸው፣ አሁን መጥፋቱን በምን ይወቁ? እናቴ ደግሞ ማታ ማሽኑን ከጆሮዋ አውጥታ ነው የምትቀመጠው፤ ሰሃን ከሰሃን ሲነካካ ነጎድጓድ ይሆንብኛል ትላለች። ስለዚህ በገናዬን ከእኔና ከስልኬ በቀር የሰማው ሰው አልነበረም። ሁለታችንም እጅግ ረክተን ነበር።

ጾሙ ገባ። መምህሩ ሱባኤ ሊገቡ ስለሆነ እስከ ፋሲካ ስልካቸው እንደሚዘጋ ነግረውኝ፣ «በርቺ፣ አሁን ራስሽን ችለሻል» ብለው ተሰናበቱኝ። እኔም አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቴን አስቀመጥኳት። ማሽኑን ጆሮዋ ውስጥ አደረገች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። ደረደርኩላት። አንድም ቦታ አልሳትኩም። ስልኩ ቢሰማኝ ኮከብ አያልቅበትም ነበር።

ስጨርስ እናቴ አየችኝ። ሰው ቤት ያልጣማትን ምግብ ስትበላ የምታሳየው ፊት አላት፤ እሱን ነበር ያሳየችኝ።

«ጊታሩ ጥሩ ነው» አለችኝ። «በገናውን መቼ ትጀምሪልኛለሽ?»

ተቆጣሁ። «እማዬ! ይሄ እኮ በገና ነው!»

«እሺ» አለች፤ ከሰው ጋር መጣላት ሳትፈልግ ስትቀር የምትላት «እሺ» ናት። ቀጥላም «አባቴ ሲደረድር ግን ሆዴን ያመኝ ነበር» አለችና ማሽኑን አውጥታ ወደ ክፍሏ ሄደች።

የቅባቱን ዕቃ ከመሳቢያ አወጣሁ። እንዝራ ማውጣትና እንዝራ መመለስ ለካ አንድ አይደለም። ቆዳዋ ከአውታሩ ጥቂት ስትርቅ አውታሩ ዲዳ ይሆናል፤ ጥቂት ስትጠጋ ይታነቃል። ፀጉር የምታህል ናት ልዩነቷ። ሁልጊዜ መምህሩ በተቀመጠችበት እንድተዋት ሲያዙኝ፣ አንዴም «እንዴት ነው የምትስተካከለው?» ብዬ አልጠየቅኳቸውም። አሁን ልጠይቅ ብል ስልካቸው ዝግ ነው። ከሥራ መጥቼ ጎንበስ እላለሁ፣ አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል፣ አንገቴ ይደርቃል፣ እሳደባለሁ፣ ጾም ነው ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ደግሞ እሳደባለሁ።

ንዝረቱ ሲመለስ ደግሞ ባሰ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። ድምፄ ሲለምድ የከረመው ያንን የደረቀ፣ የጠራ ድምፅ ተደግፎ ነው፤ አሁን ንዝረቱ ሲከበኝ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። አውታሩ ወደ አንድ ወገን፣ እኔ ወደ ሌላ። ያን ሁሉ ወር የተማርኩት በገና መደርደር ሳይሆን ስልክ ማስደሰት ነበር። እስቲ ምን ይል እንደሆነ ብዬ እንደገና ከፈትኩት። «ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሰዋል፤ አይዞዎት፣ ባሲስት!»

ባልንጀራዬ ሱቅ ሄጄ ብሶቴን ስዘረግፍላት ቅመም መመዘኗን ሳታቆም ሰማችኝና «ሶ፣ ካንስል አድርጊዋ!» አለችኝ። ልክ እሷ እንዳላመጣችብኝ! እዚያው ባንኮኒዋ ላይ ሰረዝኩት። ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ ተወዶብኝ ነው ወይ፣ ከብዶኝ ነው ወይ፣ የተሻለ አግኝቼ ነው ወይ? በገና ስለሆነ የሚል አልነበረም። ከብዶኝ ነው አልኩት። እስከ ዛሬ ድረስ ናፍቀውናል እያለ ይጽፍልኛል።

የሚያንገበግበኝ ሶፍትዌሩ አይደለም። እሱ ያልተፈጠረበትን ነገር ተጠይቆ ነው። የሚያንገበግበኝ እናቴ በመኸር ላይ ከጾሙ ጊዜ በተሻለ ትሰማ የነበረ መሆኑ ነው። ኮከብ ስሰበስብ ባለፈው ጊዜ እሷ ቃላት እየጠፉባት ነበር። ከኩሽና ትጠራኛለች፣ «አቤት!» እላታለሁ፣ ደግማ ትጠራኛለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ሲነሣ አይታ ትነሣለች። በጾሙ አጋማሽ ሐኪሟ ዘንድ ወሰድኳትና ሌላ ማሽን ተደረገላት። ሐኪሟ ፈገግ ብላ «ይሄኛው ብልህ ነው፤ ጩኸት ሲሰማ ራሱ ይቀንሰዋል» አለችኝ። ጩኸት የቱ እንደሆነ ማን ነገረው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ምን ታድርግ ብዬ ተውኩት።

ንዝረቱን የለመድኩት በመጨረሻ ደክሞኝ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ መታገል ሰለቸኝና ዝም ብዬ አውታሮቹን እየነካሁ ተቀመጥኩ፤ ማዜሙን ተውኩት። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ቀስ እያለ፣ ድምፄን ከንዝረቱ በላይ ማውጣት እንደሌለብኝ፣ ውስጡ ማስገባት እንዳለብኝ ገባኝ። ይህንን መምህሩ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ቢሆን በአንድ ከሰዓት የሚያሳዩኝ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ጾሙ እስኪጋመስ፣ ከተጋመሰም በኋላ፣ በየማታው ከንዝረቱ ጋር አመሸሁ።

ለሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እናቴን እንደገና አስቀመጥኳት። መስኮቱን አልዘጋሁም፤ የአትክልተኛው ማሽን ያገሳል፣ ያግሳ። እናቴ አዲሱን ማሽን ጆሮዋ ውስጥ አድርጋ የመጀመሪያዎቹን ምቶች ሰማችና ፊቷን ቋጠረች። አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል መሰለኝ። አወጣችውና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው፤ ወንበሯን ስባ ጉልበቷ ጉልበቴን እስኪነካ ተጠጋችኝ።

ደረደርኩ። እንዝራዎቹ ሁሉ ይናገሩ ነበር፤ አንድም ዲዳ አልነበረም። ድምፄም ቦታውን አልሳተም። የተማርኩትን ግጥም ከዳር እስከ ዳር፣ እያንዳንዷን ቃል አፌን ከፍቼ፣ ቀስ ብዬ አዜምኩላት። እናቴ አንዴ ጣቴን አንዴ አፌን ታያለች። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ስጨርስ እጄ አውታሩ ላይ ቀረ።

«ጨረስሽ?» አለችኝ፣ እጄ መቆሙን አይታ።

ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኳት።

«ድምፁ ይመጣል። እንደ አባቴ ነው፤ ሆዴን አመመኝ» አለች። «ግጥሙ ግን አልተሰማኝም፣ የኔ ልጅ። ምንድን ነው የሚለው?»

ጎንበስ ብዬ ጆሮዋ ላይ ነገርኳት። አልሰማችም። ጮክ አልኩ። የመጀመሪያዋን ስንኝ ጮክ ብዬ፣ ሁለተኛዋን ከዚያ ይበልጥ ጮክ ብዬ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። ቀን ያልፋል የሚለውን ግጥም፣ በጸጥታ እንዲባል የተሰጠኝን፣ እሳት እንደተነሣበት ሰው እየጮህኩ ነገርኳት። ግማሹን ያዘች መሰለኝ፤ ግማሹን ለእኔ ስትል እንደሰማች ሆነች።

ከዚያ ወገቧን ቀና አደረገች፣ እጇን ራሴ ላይ ጫነች፣ ለዘመረ ሰው ሁሉ የሚባለውን፣ እኛ አንድም ቀን ምን እንደሚል ሳናስብ የምንለውን አለችኝ።

«ዝማሬ መላእክትን ያሰማሽ።»

አሜን ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «አንቺንም» አልኳት።

«ምን አልሽ?» አለችኝ።

«ያሰማሽ!» ብዬ ጮህኩ። «እማዬ፣ አንቺን! አንቺን ያሰማሽ!»